ጉልበት ሲያም አንጎል ምን ይሠራል? ሥር የሰደደ የጉልበት ሕመምና የነርቭ ሥርዓታችን



በየመስጂዶቻችን ግድግዳ ተጠግተው የሚደረደሩት ወንበሮች ከዓመት ዓመት እየበዙ ነው። ኢማሙ ወደ ሱጁድ ሲወርዱ ሰፉ በሙሉ አብሮ ይወርዳል፤ ወንበር ላይ ያሉት አባቶች ግን በተቀመጡበት ጎንበስ ይላሉ። ቤት ውስጥ ያሉ እናቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ከተሸሁድ ለመነሳት ግድግዳ ይይዛሉ፣ "ያ አላህ!" ብለው ይነሳሉ። ምን እንደሆኑ ስንጠይቃቸው መልሱ የታወቀ ነው። "ቁርጥማት ነው"፣ "ብርድ ገብቶኝ ነው"፣ "እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል!"

የእኛም እናት ከእነዚህ አንዷ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበታቸውን ራጅ ተነሱ። ፊልሙን ያየው ባለሙያ "ልምአጥንቱ አልቋል፤ አጥንትና አጥንት ሊነካካ ነው" አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታችን እግራቸውን ሰበሰቡ። መጀመሪያ መስጂድ መሄድ ተዉ፣ ቀጥሎ ገበያ፣ በመጨረሻም ጎረቤት ለቅሶ መድረስ እንኳን ቀረ። "ልጆቼ፣ ያለቀ ነገር ሲነካካ ይብሳል" ይሉን ነበር። ሕመሙ ግን በማረፋቸው አልቀነሰም። ጭራሽ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሆነ።

እዚያው ሰፈራችን አንዲት ሌላ እናት አሉ። ሁለቱንም ይዘናቸው ሄደን ራጃቸውን ያየ አንድ ሐኪም የጎረቤታችን ጉልበት ከእናታችን ይልቅ የተጎዳ መሆኑን ነገረን። እኚህ ሴት ግን ዘንቢላቸውን ይዘው ገበያ ወርደው ይመለሳሉ። "ያመኛል፣ ግን ከሄድኩ በኋላ ይለቀኛል" ነው የሚሉት።

ይህ እንዴት ይሆናል? የባሰ ጉልበት ያለው ሰው እየተራመደ፣ የተሻለ ጉልበት ያለው ሰው ለምን ከቤት ዋለ? ጥያቄው ለብዙ ጊዜ ከአእምሯችን አልወጣም። መልሱን ስንፈልግ ያገኘነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ። በአጭሩ ስንናገረው፣ የሕመሙ መነሻ ጉልበት ቢሆንም መጠኑን የሚወስነው ጉልበት ብቻ አይደለም። በጉልበትና በአንጎል መካከል ያለው የነርቭ ሥርዓት ሕመሙን ሊያጎላውም ሊያለዝበውም ይችላል።

ልምአጥንት ራሱ አያምም

ስለ በሽታው ትንሽ እንበል። በሕክምና ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ ወደ 528 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው፤ ከሁሉም በላይ የሚያጠቃው መገጣጠሚያ ደግሞ ጉልበት ነው። ከታማሚዎቹ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ዕድሜ፣ የሰውነት ክብደት፣ የቀድሞ ጉዳትና የዘር ውርስ ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ብዙዎቻችን በሽታውን እንደ ጫማ ሶል ማለቅ አድርገን ነው የምናስበው። በሁለቱ አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ልምአጥንት ያልቃል፣ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል፣ ያማል እንላለን። ነገር ግን ልምአጥንት ውስጥ አንድም የሕመም ነርቭ የለም። ብቻውን ቢቆረጥ እንኳን አይሰማም። የሚያምመው በዙሪያው ያለው ነው። ከልምአጥንቱ ሥር ያለው አጥንት፣ መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሸፈነው ስስ ሽፋን፣ ጅማቶቹ፣ ከሎሚው በታች ያለው የስብ ክምችት ሁሉም በነርቭ የተሞሉ ናቸው።

ለዚህ ነው ራጅና ሕመም ሁልጊዜ የማይስማሙት። ራጅ አጥንትን እንጂ ሕመምን አያሳይም። ራጃቸው ክፉኛ የተበላሸ ሆኖ ብዙም የማያማቸው ሰዎች አሉ፤ ራጃቸው ደህና መስሎ ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሳቸውም አሉ።

ከጉልበት የሚነሳው መልእክት

አሁን ወደ ነርቮቹ እንሂድ። የመስጂድ ድምፅ ማጉያን አስቡ። ሙአዚኑ በማይክሮፎኑ ይናገራል፣ ድምፁ በሽቦ ወደ ማጉያው ይሄዳል፣ ከዚያ በሚናራው ላይ ካለው ስፒከር ይወጣል። ሰፈሩ የሚሰማው የሙአዚኑን ጉሮሮ ብቻ አይደለም። ማጉያው ምን ያህል እንደተከፈተም ጭምር ነው የሚሰማው።

ጉልበታችን ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች እንደ ማይክሮፎኑ ናቸው። አደጋ ሲኖር መልእክት ይልካሉ። ሽቦዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፈጣን ነው፤ ጉልበታችን በድንገት ሲጠመዘዝ የሚሰማንን ስለታም ውጋት ያመጣል። ሁለተኛው በጣም ቀጭንና ቀርፋፋ ነው፤ መልእክቱ በሰከንድ ከሁለት ሜትር ባነሰ ፍጥነት፣ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት ያህል ይጓዛል። ያንን የሚጠዘጥዝ፣ የሚያቃጥል፣ ቦታው በውል የማይታወቅ ሕመም የሚያመጣው ይህ ነው።

መገጣጠሚያው ሲቆጣ እንደ ፕሮስታግላንዲን ያሉ ንጥረ ነገሮች ይፈጠራሉ። እነዚህ የነርቭ ጫፎቹን ያነቃቃሉ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሻይብለ እና ሽሚት የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በእንስሳት ጉልበት ላይ ባደረጉት ጥናት አንድ አስገራሚ ነገር አገኙ። በጤነኛ መገጣጠሚያ ውስጥ ምንም መልእክት የማይልኩ፣ የተኙ የሚመስሉ ነርቮች አሉ። መገጣጠሚያው ሲቆጣ ግን ይነቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ጉልበትን እንደ ወትሮው ማጠፍ እንኳን መልእክት ያስነሳቸዋል። እናቶቻችን "ድሮ ምንም የማይመስለኝ ነገር አሁን ያመኛል" ሲሉ እውነታቸውን ነው። በጉልበታቸው ውስጥ የሚናገሩት ነርቮች ቁጥር ጨምሯል።

ህብለ ሰረሰር ላይ ያለው በር

መልእክቱ ከጉልበት ተነስቶ በቀጥታ አንጎል ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ የሚደርሰው ወገባችን ላይ ባለው የህብለ ሰረሰር ክፍል ነው። እዚያ ከሌላ ነርቭ ጋር ይገናኛል፤ ማለፍ አለማለፉም፣ በምን ያህል ጉልህነት እንደሚያልፍም የሚወሰነው እዚያ ነው።

በ1965 (እ.ኤ.አ.) ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ይህንን ቦታ በበር መሰሉት። በዝርዝሩ ላይ በኋላ ብዙ እርማት ተደርጓል፤ መሠረታዊው ሐሳብ ግን ጸንቷል። የመዳሰስና የመታሸት ስሜትን የሚያመጡት ወፍራም ነርቮች ሲሠሩ በሩ ለሕመም ይጠብባል። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲመታ እናቱ ወዲያው "እፍ እፍ" እያለች የምታሽለት፣ እሱም ዝም የሚለው በከንቱ አይደለም። አሮጊቶቻችን ማታ ማታ ጉልበታቸውን በቅባት ሲያሹ ሕመሙ ጋብ የሚልላቸው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

ማጉያው ሲከፈት

በሩ ግን በሌላ አቅጣጫም ይሠራል። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ክሊፎርድ ዉልፍ የተባለ ተመራማሪ፣ ጉዳት የደረሰበት ሰውነት ህብለ ሰረሰሩን ራሱን እንደሚለውጠው አሳየ። ለረጅም ጊዜ የሕመም መልእክት ሲጎርፍባቸው የኖሩ የህብለ ሰረሰር ሕዋሳት ይበልጥ ንቁ ይሆናሉ። ትንሽ መልእክት ሲደርሳቸው ትልቅ አድርገው ያሳልፋሉ። ጭራሽ የሕመም ያልሆነውን፣ እንደ መነካት ያለውን ስሜት እንኳን ሕመም አድርገው ሊያሳልፉት ይችላሉ።

የድምፅ ማጉያው ቁልፍ እስከ መጨረሻው ሲዞር ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ሙአዚኑ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳን ሰፈሩ ይደነግጣል፤ ማንም ሳይናገር ስፒከሩ ይጮሃል። ሥር የሰደደ የጉልበት ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ሕመሙ ከጉልበት አልፎ ወደ ጭንና ወደ ባት ይሰፋል። በአንዳንዶቹ ላይ ከጉልበት ርቆ ክንድ ላይ ሲጫኗቸው እንኳን ከሌላው ሰው በቀለለ ጫና ሕመም ይሰማቸዋል። ክንዳቸው ምንም አልሆነም። የተለወጠው ማጉያው ነው።

ደስ የሚለው ነገር ይህ ለውጥ ለዘላለም የሚኖር አለመሆኑ ነው። በቀዶ ጥገና መገጣጠሚያቸው ተቀይሮ ሕመሙ የተወገደላቸው ሰዎች በድጋሚ ሲለኩ ይህ ከመጠን ያለፈ ንቃት በብዙዎቹ ላይ ሲረግብ ታይቷል። የተከፈተው ሊዘጋ ይችላል።

ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ፍሬን

እስካሁን ያየነው ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን ነው። አላህ በሰውነታችን ውስጥ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ፍሬንም አስቀምጧል። ከአንጎል ግንድ የሚነሱ ነርቮች ወደ ህብለ ሰረሰር ወርደው በሩን ይዘጋሉ። በ1969 (እ.ኤ.አ.) ሬይኖልድስ የተባለ ተመራማሪ በአይጦች የአንጎል ግንድ ውስጥ አንዲትን ቦታ በኤሌክትሪክ በማነቃቃት ብቻ ያለ ማደንዘዣ ቀዶ ጥገና ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። በ1975 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ስኮትላንድ አበርዲን ውስጥ ሂዩዝና ኮስተርሊትስ አንጎል ራሱ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ እንደሚሠራ አረጋገጡ። በሌላ አነጋገር እያንዳንዳችን የራሳችንን የሕመም ማስታገሻ ይዘን ነው የምንዞረው።

ይህ ፍሬን መቼ ይደክማል? እንቅልፍ ሲጠፋ ይደክማል። ሐሳብ፣ ጭንቀትና ሐዘን ሲበዛ ይደክማል። ፍርሃት ሲኖር ደግሞ አንጎል መልእክቱን ከማገድ ይልቅ "ይህ አደገኛ ነው፣ አሳልፉት" የሚል ትእዛዝ ይልካል። ሰውነት ሲንቀሳቀስ፣ እንቅልፍ ሲስተካከል፣ ልብ ሲረጋጋ ደግሞ ፍሬኑ ይጠነክራል።

እናታችን ላይ የሆነው አሁን ግልጽ ይሆናል። "አልቋል" የሚለውን ቃል ከሰሙ ወዲህ እያንዳንዱ እርምጃ ለአንጎላቸው አደጋ ሆነ። መንቀሳቀስ ሲያቆሙ ሰውነት የሚሠራው ማስታገሻ ቀነሰ። ሌሊት ስላልተኙ ፍሬኑ ደከመ። ከሰው ስለተለዩ ሐሳብ በዛ። ጉልበታቸው በስድስት ወር ውስጥ ያን ያህል አልተለወጠም፤ ማጉያው ግን ተከፈተ።

"ታዲያ ሕመሜ የሐሳብ ነው ማለት ነው?"

አይደለም! ይህን አጥብቀን መናገር እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ብዙ እናቶች "ምንም የለብሽም፣ ሐሳብ ነው" ተብለው ከሕክምና ቤት እያለቀሱ ተመልሰዋል። ነርቭ አካል ነው። ህብለ ሰረሰርም አንጎልም አካል ናቸው። በእነሱ ውስጥ የሚሆነው ለውጥ ልክ እንደ ጉልበት እብጠት እውነተኛ ነው። የሚያመው ሰው እያስመሰለ አይደለም፤ ኢማኑ ወይም ሶብሩ ስለደከመም አይደለም።

የአንጎልን ድርሻ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጥናት እንጥቀስ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ነው፤ በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ ሞዝሊ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለባቸውን 180 ሰዎች በሦስት ቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን ጉልበቱ ውስጥ በካሜራ ተገብቶ ተጠረገለት፤ ሁለተኛው ታጠበለት፤ ሦስተኛው ግን ቆዳው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋለት። ታማሚዎቹ የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም ነበር። ለሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው እውነተኛው ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ቆዳቸው ብቻ ከተሰፋላቸው የተሻሉ አልሆኑም።

ከዚህ የምንማረው "ሕመሙ ውሸት ነው" የሚለውን አይደለም። አንጎል ከሕመም ጋር ያለው ሥራ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነና መገጣጠሚያን መጠራረግ ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን ነው።

ዘበኛውን ዝም ማሰኘት

"እንግዲያው የሕመም ነርቮቹን ጸጥ የሚያደርግ መድኃኒት ለምን አይሠራም?" የሚል ይኖራል። ተሞክሯል። ነርቮችን የሚያነቃቃ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ታኔዙማብ የተባለ መርፌ ይህንን ፕሮቲን ለማገድ ተሠራ። ሕመሙን ቀነሰ። ነገር ግን አንዳንድ ታማሚዎች ላይ መገጣጠሚያው በፍጥነት ሲፈርስ ታየ። ሙከራዎቹ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ታገዱ፣ በኋላ በጥንቃቄ ቀጠሉ። በመጋቢት 2021 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች 19 ለ 1 በሆነ ድምፅ የመድኃኒቱ ጥቅም ከጉዳቱ እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም አሉ። በዚያው ዓመት አምራቾቹ ሥራውን አቆሙ።

ሕመም ዘበኛ ነው። ያለ ምክንያት ሲጮህ ማረጋጋት እንጂ አንደበቱን መዝጋት ቤቱን ለሌባ መተው ሊሆን ይችላል።

የጭን ጡንቻ ሲያኮርፍ

የነርቭ ሥርዓቱ ሌላም ሥራ አለው። ጉልበት ሲያብጥ ወይም ሲያም፣ ህብለ ሰረሰር የፊተኛውን የጭን ጡንቻ በከፊል እንዳይሠራ ያግደዋል። ጡንቻው አልተጎዳም፤ ትእዛዝ ነው የተቀነሰበት። ለዚህ ነው ብዙዎች "ጉልበቴ ከዳኝ"፣ "ደረጃ ስወርድ ድንገት ታጠፈብኝ" የሚሉት። ይህ ጡንቻ ደግሞ የጉልበት ዋና ደጋፊ ነው። እሱ ሲሳሳ ጫናው መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፤ ሕመሙ ይጨምራል፤ ሰውዬው ይቀመጣል፤ ጡንቻው ይበልጥ ይሳሳል። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ጡንቻውን በልክ ማሠራት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንንቀሳቀስ። በዓለም ላይ ያሉ የሕክምና መመሪያዎች ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ከሚስማሙባቸው ነገሮች ቀዳሚው የአካል እንቅስቃሴ ነው። እንቅስቃሴ መገጣጠሚያን "አይጨርስም"። ጡንቻን ያጠነክራል፣ የአንጎልን ፍሬን ያነቃቃል፣ "እርምጃ አደጋ ነው" የሚለውን ፍርሃት ያስረሳል። ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድን እግር ዘርግቶ ጥቂት ሰከንድ ማቆየት፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥን በቀን ጥቂት ጊዜ መደጋገም፣ ሜዳ መሬት ላይ በእግር መሄድ በቂ መነሻ ነው። ፊዚዮቴራፒ የሚገኝበት ቦታ ያላችሁ ባለሙያ ያማክራችሁ።

ሲንቀሳቀሱ ትንሽ ሕመም ቢጨምር ጉዳት አይደለም። በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩን አግኝታችኋል። ካልተመለሰ ወይም ጉልበቱ ካበጠ መጠኑን ቀንሱ እንጂ አታቁሙ። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ በረመዳን የመጀመሪያ ሌሊት ተራዊህን እስከ መጨረሻው ቆሞ መስገድ፣ ከዚያ ለሳምንት መተኛት፣ ማጉያውን የሚከፍት አካሄድ ነው። ከሻዕባን ጀምሮ ጥቂት ጥቂት መለማመድ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ክብደት። ከመጠን ያለፈ ክብደት ያለው ሰው አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ አራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። በቀን ስንት እርምጃ እንደምንራመድ አስቡት።

ሦስተኛ፣ እንቅልፍ። ሌሊት የሚያማቸው እናትና አባት ያሏችሁ፣ እንቅልፋቸውን እንደ መድኃኒት ቁጠሩት። ቡናን ከምሽት ማራቅ፣ በአንድ ሰዓት መተኛትን መልመድ፣ ቀን ረጅም እንቅልፍ አለመተኛት ይረዳል።

አራተኛ፣ መድኃኒት በልኩ። የሚቀባ ዲክሎፌናክ ለጉልበት ጥሩ መነሻ ነው። የሚዋጡት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትን ሊጨምሩ ይችላሉ። በጾም ወቅት ሰውነት ውሃ ሲያጥረው የኩላሊቱ አደጋ ይብሳል። ስለዚህ የጨጓራ፣ የግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ለወራት አይውሰድ። ለአንዳንድ ታማሚዎች ሐኪም ዱሎክሴቲን ሊያዝ ይችላል። ለድብርትም የሚሰጥ ስለሆነ ብዙ ሰው "እብድ ነኝ እንዴ?" ብሎ ይመልሰዋል። ሥራው ግን ያ ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደውን ፍሬን ማገዝ ነው።

አምስተኛ፣ ቀዶ ጥገና። መገጣጠሚያው በጣም ለተጎዳና ሌላው ሕክምና ላልበጀው ሰው ጉልበት መቀየር ትልቅ እፎይታ ነው። ቢሆንም ከአምስት ሰው አንድ ያህሉ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ሕመም ይቀጥልበታል። ምክንያቱን ካነበባችሁት ትገምታላችሁ፤ ማይክሮፎኑ ተቀይሮ ማጉያው እንደተከፈተ ሊቀር ይችላል።

ሰላትስ?

በዲናችን ቁሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ተቀምጦም ያልቻለ በጎኑ ተጋድሞ እንዲሰግድ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዒምራን ኢብኑ ሑሰይንን (ረ.ዐ) መምከራቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ በወንበር መስገድ ለተቸገረ ሰው ምንም እፍረት የለበትም። ሱጁዱን ከሩኩዑ ዝቅ አድርጎ በማመልከት ይሰግዳል። ብዙ ዑለማዎች መቆም የሚችል ሰው የቻለውን ይቁም፣ ያቃተውን ክፍል ብቻ ያቅልል ይላሉ። በዝርዝሩ ላይ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

እኛ መጨመር የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። አንዳንዶች ወንበሩን የያዙት ስላቃታቸው ሳይሆን "ካጎነበስኩ ጉልበቴ ያልቃል" ብለው ስለፈሩ ነው። ፍርሃቱን ይዛችሁ ሐኪም ጠይቁ። መታጠፉ ጉዳት እንደሌለው ከነገራችሁ፣ ወፈር ያለ ምንጣፍ ከጉልበት ሥር አድርጎ፣ በእጅ ተደግፎ፣ በቀን አንዲት ረከዓ ላይ ሱጁድን መሞከር ይቻላል። ካልሆነም አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም

ሁሉም የጉልበት ሕመም ይህ በሽታ አይደለም። ጉልበት በድንገት ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ትኩሳት ካለ፤ ከወደቁ በኋላ እግርን መርገጥ ካቃተ፤ ባት አብጦ ካመመ፤ ወይም ሕመሙ ያለ ምክንያት ከመክሳት ጋር ከመጣ፣ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ልጆች ደግሞ ለወላጆቻችን የምንናገረውን እንምረጥ። "አርጅተሻል፣ ተቀመጪ" ማለት ደግነት ይመስላል፤ ለነርቭ ሥርዓቱ ግን ሌላ ማስፈራሪያ ነው። "ነይ አብረን እስከ ሱቁ እንሂድ" ማለት ይሻላል።

እኛም ያደረግነው ይህን ነው። መጀመሪያ እናታችንን ይዘን እስከ በሩ ሄድን፣ ከዚያ እስከ ማዞሪያው። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ ማታ ማታ ያቃስቱ ነበር። በሦስተኛው ወር ጎረቤት ለቅሶ ደረሱ። ዛሬም ያማቸዋል፤ ራጃቸውም ያው ነው። ሱጁዱንም በወንበር ላይ ነው የሚያመለክቱት። ነገር ግን ሌሊቱን ይተኛሉ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ጁሙዓ ሲደርስ ደግሞ ነጠላቸውን ለብሰው እኛን ቀድመው በር ላይ ይቆማሉ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክልን። ወሏሁ አዕለም።